የተቃና ጥያቄ በምን ይመዘናል?

ልደታ፣ ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ግቢ ወጣ ሲባል፣ «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ጠባብ ክፍሎች አሉ። ውስጣቸው ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ሥራ ከሩቅ ሲያዩት መተየብ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለው ቢያዳምጡት ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት ከፌስታል ያወጡትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እየዘረጉ «ካርታውን በስሙ አዞረብኝ ልጄ» አሉ እንበል።

«ማን ነው ያዞረው እማማ?»

«የባለቤቴ ልጅ።»

«ባለቤትዎ በሕይወት አሉ?»

«አረፈ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ወራሽነት አውጥታችኋል?»

«እሱ ነው ያወጣው። እኔን ማን ነገረኝ!»

ጸሐፊው ይህን ሰምቶ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ ሲያሳርፍ «ካርታ» የሚለውን ቃል አይጽፍም፤ «የባለይዞታነት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት» ይላል። «አዞረብኝ» ደግሞ «ስመ ሀብቱ እንዲዛወር አድርጓል» ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ሴትዮዋ ያልተናገሩት አንድ ነገር ይጨመራል፤ ጉዳዩ የካርታ ሳይሆን የውርስና የጋራ ንብረት ክርክር መሆኑ። ያ ከቀረ አቤቱታው ከሬጅስትራር ጠረጴዛ ላይ ሊመለስ ወይም የማይሆን ችሎት ደርሶ ወራት ሊያቃጥል ይችላል።

ይህ ምዕራፍ ስለዚህ ሥራ ነው፤ ሠሪው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ሲሆን። የመረጃ ፍለጋ ባለሙያዎች «መጠይቅን እንደገና መቅረጽ» ይሉታል። ፈላጊው የጻፈውን ቃል ኮምፒውተሩ እንዳለ አይወስደውም፤ ይቀይረዋል፣ ያሰፋዋል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ነቅሎ በሌላ ይተካዋል። ስለ አሠራሩ ብዙ ተጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ ነው፦ ኮምፒውተሩ ጥያቄውን ካቃና በኋላ መቃናቱን ወይም መጣመሙን በምን እናውቃለን? ማመልከቻ ጸሐፊውን የሚያርመው ሬጅስትራር አለ። የፍለጋ ሥርዓቱ ጥያቄ ሲያጣምም ግን የሚመልሰው የለም። ዝርዝሩ ይወጣል፣ ሰውየው ያነባል፣ የሚፈልገውን ካላገኘ «የለም ማለት ነው» ብሎ ይሄዳል።

ልደታ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ ደነገገ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም አስገዳጅነቱን አጸናው። ከዚያ ወዲህ የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ዛሬ ከሃያ ቅጽ አልፈዋል። አንድ ጠበቃ ችሎት ከመቆሙ በፊት የሚጠቅመውን ውሳኔ ብቻ ሳይሆን የሚጎዳውንም ማግኘት አለበት። የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት መመዝገብ አለበት ወይ የሚለው ተነሥቶ ነበር። ያንን ውሳኔ የሚያስፈልገው ባለጉዳይ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ብሎ አያውቅም። «ቤት ገዝቼ ውሉን ሳናጸድቅ ቀረን» ነው የሚለው። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ውሳኔው ላይ ቃል በቃል የሚገኘው «ውል» ምናልባትም «ቤት» ነው። የቀረውን ድልድይ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም መሥራት አለበት።

ፕሮግራሙ ከሚሠራቸው ሥራዎች ቀላሉ ፊደልን ማስማማት ነው። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ፀሐፊ» እና «ጸሃፊ»፣ «ፍርድ ቤት» እና «ፍ/ቤት» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ የቁጥር ሰንሰለቶች ናቸው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ ማምጣት ያልለመደ የአማርኛ ፍለጋ ሥርዓት ዛሬ ሊኖር አይገባም። ይህን ለማረጋገጥ ረቀቅ ያለ ምዘናም አያስፈልግም፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነውና።

ከባዱ ቀጥሎ ይመጣል። አማርኛ ቃላትን ከሥር ያበቅላል። ከሰሰ፣ ክስ፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ክስ መመሥረት፣ ሲከሰስ፣ ያስከሰሰው፤ ሁሉም ከአንድ ሥር ይመዘዛሉ። ስለዚህ ፈላጊው «መከሰስ» ቢጽፍ «ተከሳሽ» ያለበትንም ሰነድ ማምጣት አለብን ማለት ትክክል ይመስላል። ነጋ አለማየሁና ፒተር ዊሌት በእንግሊዝ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ባወጧቸው ጽሑፎች የአማርኛን ቃል እንዳለ፣ በግንዱ (ቅጥያው ሲነሣለት በሚቀረው) እና በሥሩ መፈለግን እያነጻጸሩ መዝነዋል። በኋላም ጥላሁን የሻምበልና ባልደረቦቹ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከፈረንሳይ ቱሉዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአማርኛ ፍለጋ የተዘጋጀ የመፈተኛ ክምችት አወጡ። 12,583 ሰነዶችና 240 ጥያቄዎች፣ የትኛው ሰነድ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚረባ ከሚናገር ፍርድ ጋር። በዚያ ክምችት ላይ ሲፈተን ቃልን ወደ ሥሩ መልሶ መፈለግ የተሻለ ውጤት አሳየ።

እኔም በአጠቃላይ አምነዋለሁ። ልደታ ላይ ግን አንድ ሥር አለ፣ ወ-ረ-ሰ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ሕዝቡ «ቤታችን ተወረሰ» አለ፤ የፍርድ ቤት መዝገቦችም እስከ ዛሬ «በአዋጅ ቁጥር 47/67 የተወረሰ ቤት» ይላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ሲሞት የሚተላለፈው ሀብት ውርስ ነው፣ ተቀባዩ ወራሽ፣ የሄደው አውራሽ። ሁለቱም ከአንድ ሥር ናቸው፤ በሕግ ፊት ግን አንዱ ከመንግሥት ጋር፣ አንዱ ከእኅት ከወንድም ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። የይርጋ ደንባቸው፣ የሚጠቀሰው አዋጅ፣ ተከራካሪው ሁሉ ይለያያል። ሥርን መሠረት ያደረገ ማሻሻያ «የተወረሰ ቤት ማስመለስ» ብሎ የጻፈውን ሰው ጥያቄ ወደ ወ-ረ-ሰ ሲመልሰው በወራሽነት ማረጋገጫ ክርክሮች ያጥለቀልቀዋል። መዝገብ ቤቱ ውስጥ የውርስ ጉዳይ ከትርፍ ቤት ጉዳይ እጅግ ስለሚበዛ፣ የሚፈለገው ሰነድ ከመጀመሪያው ገጽ ይገፋል።

ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ተቃራኒውም አለና። የተወረሰ ቤት እንዲመለስ የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ወራሾች ናቸው። ለእነሱ ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰነድ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ሥርን አንድ ማድረግ ያንን ሰነድ ወደ ላይ ሊያመጣው ይችላል። ያው አንድ ማሻሻያ አንዱን ባለጉዳይ ይጠቅማል፣ ሌላውን ይጎዳል። ስለዚህ «ሥር ይሻላል ወይስ ግንድ?» ብሎ አንድ መልስ መጠበቅ ጥያቄውን ማሳነስ ነው። ለየትኛው ጥያቄ? ለማን?

ይህን በደንብ ያየው የመጀመሪያው ሰው ሲሪል ክለቨርደን የሚባል እንግሊዛዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይመስለኛል። ክራንፊልድ በተባለው የበረራ ምሕንድስና ኮሌጅ ይሠራ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄደው ሁለተኛ ዙር ጥናት 1,400 ያህል የበረራ ሳይንስ ጽሑፎችን ሰብስቦ የተለያዩ የማውጫ ዘዴዎችን አፎካከረ። የጥናቱ ብልሃት ከጥያቄዎቹ አመጣጥ ይጀምራል። ጥያቄዎቹን ራሱ አልፈጠራቸውም። ጽሑፍ ያሳተሙ ሳይንቲስቶችን «ይህን ስትጽፉ ልትመልሱት የፈለጋችሁት ጥያቄ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው፤ የጠቀሷቸው ምንጮችም ጥያቄያቸውን ምን ያህል እንደጠቀሙ ራሳቸው እንዲፈርዱ አደረገ። ጠያቂውም ፈራጁም አንድ ሰው።

ውጤቱ የዘመኑን ባለሙያዎች አስደነገጠ። በጥንቃቄ የተዘጋጁ የማውጫ ቋንቋዎች ከጽሑፉ ውስጥ እንዳሉ ከተወሰዱ ተራ ቃላት አልበለጡም። የቃላትን ቅርጾች ማስማማት ጥቂት ጠቀመ፤ ቃላትን በሰፊ ምድብ እየሰበሰቡ ማስፋት ግን ውጤቱን አበላሸ። ሰው በልምድና በእውቀት የሠራው ድልድይ ብዙ ጊዜ ወደማይፈለግበት ወንዝ ማዶ ያሻግር ነበር ማለት ነው። ይህ ዜና ከስልሳ ዓመት በፊት የተነገረ ቢሆንም ዛሬም የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ሠርቶ «ፍለጋን አሻሻልኩ» ለሚል ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። የመረጃ ፍለጋ ተመራማሪዋ ኤለን ቮርሂስ እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝኛ ላይ ተመሳሳይ ነገር አየች፤ ጥያቄው ረጅምና የተሟላ ሲሆን የቃላትን የትርጉም ዝምድና ከሚያሳይ የቃላት መረብ የተወሰዱ ተመሳሳዮች እምብዛም አልጨመሩም። ጥያቄው አጭርና ያልተሟላ ሲሆን ግን ትክክለኛውን ፍቺ ሰው ከመረጠለት ማስፋቱ ሊጠቅም እንደሚችል አሳይታለች። የልደታው ማመልከቻ ጸሐፊ «ወራሽነት አውጥታችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ከማስፋቱ በፊት ፍቺውን ይመርጣል።

እንግዲህ ምዘናው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሁለት መለኪያዎች ከክራንፊልድ ጀምሮ አብረውን አሉ። አንደኛው ከቀረቡልኝ ሰነዶች ምን ያህሉ ይረባሉ የሚለው ነው፤ ጥራት እንበለው። ሁለተኛው ካሉት የሚረቡ ሰነዶች ምን ያህሉ ቀረቡልኝ ነው፤ ምሉዕነት። መጠይቅን ማስፋት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ከፍ ሲያደርግ አንደኛውን ይጎዳል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው የአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ቢፈልግ አንድ ትክክለኛ መልስ ይበቃዋል። ጠበቃው ግን አሥር ውሳኔ አግኝቶ አቋሙን የሚያፈርሰው አሥራ አንደኛው ካመለጠው ችሎት ላይ የሚያነብለት ተቃራኒ ወገን ነው። ስለዚህ ለሕግ ፍለጋ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ጥራት ብቻ ማሻሻያን መመዘን የለበትም፤ በዚህ ላይ ለድርድር ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ቀጥሎ አማካይ ይመጣል፤ ብዙ ጥፋት የሚደበቀውም እዚያ ነው። አንድ ስሌት አብረን እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። አሥር ጥያቄዎች አሉን እንበል፣ ለእያንዳንዳቸው አሥር ውጤት ይታያል። ከማሻሻያው በፊት ስምንቱ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ሦስት የሚረባ ሰነድ ያገኙ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ ስድስት ስድስት። ድምር 36፣ አማካይ 3.6። ከማሻሻያው በኋላ ስምንቱ አምስት አምስት አገኙ፤ ሁለቱ ወደ አንድ አንድ ወረዱ። ድምር 42፣ አማካይ 4.2። ጥናቱ «17 በመቶ ያህል ማሻሻያ» ብሎ ይታተማል። ከስድስት ወደ አንድ የወረዱት ሁለቱ ጥያቄዎች የተወረሰ ቤት ጥያቄዎች ቢሆኑስ? ሠንጠረዡ አይነግረንም። እነዚያ ሁለት ባለጉዳዮች ግን ከማሻሻያው በፊት ጥሩ አገልግሎት ያገኙ ነበር፤ ማንም ሳያማክራቸው ተወሰደባቸው።

የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ትሬክ የተባለውን ዓመታዊ የፍለጋ ሥርዓቶች መድረክ ያካሂዳል። መጠይቅን የሚያሰፉ ዘዴዎች በአማካይ ሲያሸንፉ በከባድ ጥያቄዎች ላይ ግን የሚያደርሱት ጉዳት እየታየ ስለመጣ፣ ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በከባዶቹ ላይ ያተኮረ ልዩ ዘርፍ ከፍቶ ነበር። ዓላማው የደካሞቹን ጥያቄዎች ውጤት በአማካይ ውስጥ ሳይደበቅ ማየት ነው። እኔ ለአማርኛ ምዘና ከዚያ መድረክ አንድ ነገር ብቻ እንድንወስድ ብጠየቅ ይህን እወስዳለሁ። ከአማካይ ጎን ምን ያህል ጥያቄዎች እንደተሻሻሉ፣ ምን ያህሉ እንደተጎዱ፣ ክፉኛ የተጎዱትም የትኞቹ እንደሆኑ ይጻፍ። ጥያቄዎቹ ራሳቸው በቃላቸው ይታተሙ። አንባቢው የወደቁትን ሲያይ ዘዴው የት እንደሚወድቅ ይገባዋል።

መጠይቅን ከማስፋት ስልቶች ሁሉ ለምዘና በጣም የሚያታልለው ከውጤቱ የሚማረው ነው። ሐሳቡ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጄራርድ ሳልተን ይመራው ከነበረው ስማርት ከተባለው ሥርዓት የመጣ ሲሆን ቀመሩ በጆሴፍ ሮኪዮ ስም ይጠራል። ፈላጊው ከመጀመሪያው ዝርዝር የሚረቡትን ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ሥርዓቱ ከእነዚያ ሰነዶች ቃላት ወስዶ ጥያቄውን ያድሳል። ማመልከቻ ጸሐፊው «እንዲህ ያለ ጉዳይ ነው?» ብሎ የቆየ ናሙና ሲያሳይ የሚሠራው ሥራ ነው። ስልቱ ጥሩ ነው፤ ሲመዘን ግን ወጥመድ አለበት። ፈላጊው ሦስት ሰነድ መርጦ ምልክት አደረገ እንበል። የታደሰው ጥያቄ እነዚያኑ ሦስቱን ላይ አስቀምጦ ሌላ ሦስት አመጣ። «ከሦስት ወደ ስድስት!» ተብሎ ይመዘገባል። ሦስቱን ግን አንብቧቸዋል፤ አዲስ የተገኘው ሦስት ብቻ ነው። ምንም ሳይታደስ ወደ ሁለተኛው ገጽ ቢያልፍ ሁለት ሊያገኝ ይችል ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ንጽጽር ሦስት ለሁለት ነው። የተነበቡትን ከክምችቱ አውጥቶ በቀሩት ላይ ብቻ መመዘን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መፍትሔ ቢሆንም፣ ይህን ሳያደርጉ ትልቅ ቁጥር ማሳተም ቀላል ነው።

ምልክት የሚያደርግ ሰው በሌለበት ደግሞ ሥርዓቱ በራሱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ውጤቶች «ይረባሉ» ብሎ ይገምትና ከእነሱ ይማራል። በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 በአውሮፓው ክሌፍ የፍለጋ ምዘና መድረክ በአማርኛ ጥያቄ የሌላ ቋንቋ ሰነድ ሲፈልጉ ከመዝገበ ቃላት ትርጉም ጋር ይህንንም ሞክረዋል። ችግሩ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ትክክል ከሆኑ ማስፋቱ ያበረታል፤ ስሕተት ከሆኑ ስሕተቱን ያባዛል። «የተወረሰ» ብሎ የጻፈው ሰው ላይኛዎቹ አሥር ውጤቶች የወራሽነት ክርክሮች ከሆኑ፣ ሥርዓቱ ከእነሱ «አውራሽ»፣ «ኑዛዜ»፣ «ልጅነት» የሚሉ ቃላትን ጨምሮ ወደዚያው ይነጉዳል። ጥሩ የነበረ ጥያቄ ይበልጥ ይሻሻላል፣ ደካማ የነበረ ይበልጥ ይወድቃል። አማካይ ደግሞ ይህን አያሳይም።

አሁን አሁን ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ጥያቄውን እንደገና እንዲጽፉ ይደረጋል። ምናልባት ባለጉዳይዋ የተናገሩትን ሰምተው «የባለይዞታነት ማረጋገጫ» ብለው ለመጻፍ ከሁሉም ዘዴ የሚቀርቡት እነሱ ይሆናሉ፤ ይህ ተስፋዬ ነው። ነገር ግን ያልተባለ የአንቀጽ ቁጥር ወይም ያልነበረ ክርክር ቢጨምሩ ሰነድ ፈላጊው ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ምዘናው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የተጻፈውን አዲስ ጥያቄም ማየት አለበት፤ ሞዴሉ የጨመረውን እያንዳንዱን ነገር ጠያቂው ብሏል ወይስ አላለም?

አንድ ሰነድ ይረባል ወይስ አይረባም የሚለው የፍርድ ጉዳይ አሁን ይነሣ። በትልቅ ክምችት ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁሉንም ሰነድ ማንበብ አይቻልም። ትሬክ ያገኘው መላ የተወዳዳሪ ሥርዓቶችን ላይኛ ውጤቶች አንድ ላይ ማከማቸትና ያንን ብቻ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነበር። ያልተነበበው እንደማይረባ ይቆጠራል። ዘዴው ለዓመታት አገልግሏል፤ ግን ለአዲስ ማሻሻያ ኢፍትሐዊ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ማንም ያላመጣውን፣ «ካርታ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ የደረሰበትን ትክክለኛ ውሳኔ አንድ አዲስ ዘዴ ቢያመጣ፣ ማንም አላነበበውምና ስሕተት ተብሎ ይመዘገባል። ክምችቱ ትንሽና ውጤት ያዋጡለት ሥርዓቶች ጥቂት በሆኑበት ቋንቋ ይህ አደጋ ይበልጣል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ አዲሱ ዘዴ ያመጣቸውን ያልተነበቡ ሰነዶች እንደገና ለሰው ሰጥቶ ማስነበብ።

ሰዎችም ይለያያሉ። ቮርሂስ በትሬክ ጥያቄዎች ላይ ተመሳሳይ ሰነዶችን ለተለያዩ ገምጋሚዎች ሰጥታ ስታነጻጽር «ይረባል» በተባሉት ላይ ያላቸው ስምምነት ከግማሽ በታች ነበር። ሆኖም የሥርዓቶቹ ቅደም ተከተል ብዙም አልተቀያየረም። ይህ መልካም ዜና ስለሆነ ብዙዎች ይደገፉበታል። ለሕግ ሥራ ግን ልጠንቀቅ እላለሁ። አንድ ውሳኔ ለከሳሽ ጠበቃ «አይረባም»፣ ለተከሳሽ ጠበቃ «ከሁሉ የሚረባው» ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ፍርድ አማካይ ማድረግ ሁለቱንም ማጣት ነው።

አንድ ቀሪ ነገር አለ፤ ከምን ጋር ነው የምናነጻጽረው? እ.ኤ.አ. በ2009 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ያህል የፍለጋ ጥናቶችን አገላብጠው ብዙዎቹ «ማሻሻያዎች» የተለኩት ከደካማ መነሻ ጋር እንደነበር፣ ተደምረውም ወደፊት እንዳላራመዱ አሳዩ። ለአማርኛም ይህ በቀጥታ ይሠራል። ፊደል ያላስማማ፣ «ፍ/ቤት»ን ከ«ፍርድ ቤት» ያላገናኘ ሥርዓት ወስዶ ማሸነፍ ማሸነፍ አይደለም። መነሻው ቢያንስ ፊደል ያስማማ፣ አኅጽሮት የፈታ፣ ቅጥያዎችን የለየ ይሁን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ ዘርፍ ለዓመታት የመመረቂያ ጥናት ጽፈዋል፤ ሁሉም በአንድ ክምችትና በአንድ ጠንካራ መነሻ ላይ ቢለኩ ኖሮ ዛሬ የት እንደደረስን በግልጽ እናውቅ ነበር። አሁን በየራሳቸው ሚዛን ቆመዋል።

እንግዲህ ልደታን መሠረት አድርገን አንድ የመፈተኛ ክምችት እንሥራ ብንል ምን ይመስላል? ሰነዱ አለ፤ የሰበር ቅጾቹ ታትመው ለሕዝብ ቀርበዋል። ሥራው ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ጥያቄው ውሳኔውን ካነበበ ሰው መምጣት የለበትም። ውሳኔውን ያነበበ ሰው ሳያውቀው የውሳኔውን ቃል ይዋሳል፤ «የስመ ሀብት ዝውውር ክርክር» ብሎ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ማንኛውም ዘዴ ያሸንፋል፣ መሻሻል የነበረበት ክፍተት ከመጀመሪያው ተዘግቷልና። ጥያቄው በማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ፊት ባለጉዳዩ የተናገረው ሆኖ ይመዝገብ፤ በፈቃዱ፣ ስሙና ቦታው ተነቅሎ፣ ግን ቃሉ ሳይነካ። «ከሥራ አባረሩኝ» ያለው «የሥራ ውል መቋረጥ» ተብሎ አይቃና፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለውን ቋንቋ ማግኘት የሥርዓቱ ፈተና ነው እንጂ የጠያቂው አይደለም። ከጎኑ ጸሐፊው የጻፈው አቤቱታ ይቀመጥ። ያኔ የኮምፒውተሩን ማሻሻያ ከሰው ማሻሻያ ጋር ጎን ለጎን ማቆም እንችላለን፤ ይህ አብዛኞቹ ክምችቶች የሌላቸው ሀብት ነው።

ለፍርዱ ሁለት ጠበቆች ይመደቡ፤ አንዱ በከሳሽ፣ ሌላው በተከሳሽ ዓይን የሚያነብ። ፍርዳቸው ተለይቶ ይቀመጥ። ጥያቄዎቹ በዓይነት ይመደቡ፤ ውርስ፣ የተወረሰ ቤት፣ ሁከት ይወገድልኝ፣ የሥራ ክርክር፣ ፍቺ፣ የቤት ሽያጭ። አንድ ዘዴ ውርስን አሻሽሎ የተወረሰውን ቢያበላሽ በአንድ መስመር ይታያል። ሁለት መቶ ጥያቄ ለመጀመር ይበቃል፤ የጥላሁን የሻምበልና ባልደረቦቹ ክምችትም 240 ነው። በየዓይነቱ ግን ቢያንስ ሠላሳ ያህል ካልኖረ ስለ አንዱ ዓይነት የምንለው ነገር ዕድል ሊሆን ይችላልና፣ ከስድስቱ ውስጥ ጥያቄው የሚያንስበትን ዓይነት፣ በተለይ የተወረሰ ቤትን፣ ሆን ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። እነዚህ ባለጉዳዮች አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ጥያቄያቸውን በራሳቸው አንደበት የምንሰማበት ጊዜ እያጠረ ነው። ሥራው ከእነሱ ይጀመር።